ሊካንድሮስ አፉን የዘጋበት ሰሞን

የከተማይቱ ገዥ ሊካንድሮስ የማይሰማው ነገር አልነበረም። ከቤት ሲወጣ ሙጭልጭላ መንገዱን ካቋረጠችበት ሦስት ድንጋይ ይወረውርና ሌላ ሰው ቀድሞት እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። በስተቀኙ ያለ ሰው ካስነጠሰ ፊቱ ይፈካል፤ በስተግራው ካስነጠሰ የያዘውን ጉዳይ ለነገ ያሳድራል። አንድ ጊዜ ሞራ ገላጩ በፍየል ጉበት ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ ስላለው ብቻ፣ ለዘመቻ የተሰናዱ ስድስት መርከቦችን አሥር ቀን ሙሉ ወደብ ላይ አስሮ አስቀምጧል። ያቺ ፍየል በሕይወቷ ከቅጠል በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሚስቱ ፊሊና ግን የከተማይቱን ወሬ ከነሥሩ ታውቃለች፤ የሷን ነገር ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል።

ክፉ ባል ነበር ለማለት አይደለም። ውጭ ሲወጣ ከነዘቦቹ፣ ከነብረት ጥሩሩ ያስፈራል፤ ያባረረውን አባርሮ፣ የገደለውን ገድሎ ነው ከተማይቱን ጸጥ አድርጎ የያዛት። ቤት ሲገባ ግን ልጆቹን ትከሻው ላይ አስቀምጦ እንደ ፈረስ የሚያሽካካ፣ የበሰለ በለስ ለሚስቱ መርጦ የሚያመጣ ሰው ነው። ፊሊና ወደደችም ጠላችም አሥራ አምስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ወድዳዋለችም። አንድ ጉድለቱ አፉ ነበር። የሰማውን ነገር ሆዱ ውስጥ አያሳድርም፤ በተለይ ካሳቀው።

በዚያች ከተማ የትልቅ ሰው ሚስት ገበያ አትወጣም፣ ባሏ ከሚጋብዛቸው ወንዶች ጋርም ማዕድ አትቀርብም። ወንዶቹ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ በየአልጋቸው ጋደም ብለው ሲጠጡ፣ እሷ ፎቅ ላይ ከሽመናዋ ጋር ትውላለች። ስለዚህ ወንዶቹ ሁሉ ሴቶቻቸው ምንም አይሰሙም ብለው ያምናሉ። የቤት ገረዶች ጠዋትና ማታ ምንጭ ወርደው ውሃ እንደሚቀዱ ያውቃሉ፤ ከውሃው ጋር ሌላ ምን ተቀድቶ እንደሚመጣ ግን አስበውት አያውቁም።

የመጀመሪያው ነገር የመጣው በጸደይ፣ ሊካንድሮስ ከክሪቶላስ ጋር ለአደን ሊወጣ ሲሰናዳ ነው። ክሪቶላስ የልጅነት ጓደኛው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሊካንድሮስ የክሪቶላስን ታላቅ ወንድም በሸንጎ ላይ ንግግር አበዛ ብሎ ከአገር አባረረው፤ ሰውየውም በባዕድ ምድር ሞተ። መርዶው በመጣ ማግሥት ክሪቶላስ ፀጉሩን እንኳ ሳይላጭ፣ ዓይኑ ደርቆ፣ ለግብዣው መጣና እንደ ወትሮው ጠጣ። ሊካንድሮስ ይህንን የፍቅር ምልክት ነው አለ። ፊሊና ሌላ ነገር ነው ያለችው፤ ግን ማን ጠይቋት።

«ከክሪቶላስ ጋር አደን አትሂድ» አለችው ጫማውን ሲያስር።

«ምነው?»

«ሚስቱ ሸማዋን ከሽመና እንጨቱ ላይ ቆርጣ አውርዳዋለች።»

ሊካንድሮስ የጫማውን ጠፍር እንደያዘ ቀና አለ። «እና?»

«ግማሽ የደረሰ ሸማ ነው እኮ! ድሩን በቢላ ቆርጣ፣ ጠቅልላ፣ ልጆቿን ይዛ ባሕር ማዶ አባቷ ጋ ሄዳለች። ሴት የጀመረችውን ሸማ እንዲያ የምታደርገው ቤቷ ሊቃጠል መሆኑን ስታውቅ ነው። ባሏ አንድ ነገር አስቧል።»

«ሸማው ነገረሽ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ከጫማው ጋር ደረጃውን ወርዶ እስከ ግቢው በር ድረስ ተሰማ።

አደኑ ለማግሥቱ ነበር። በዚያ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር ጠጣ፤ በነጋታው ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ከነነፍሱ፣ ትልቅ የዱር አሳማ አሸክሞ ተመለሰ። ግቢው መሐል ቆሞ፣ «ፊሊና! ነይ ውረጂ፣ ሬሳዬን ተቀበይ!» እያለ ጮኸ። ገረዶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ፊሊናም ደስ አላት፣ አፈረችም።

ሁለተኛው የአዲሱ መርከብ ነገር ነው። ሊካንድሮስ መርከቡን ሊፈትሽ ባሕር ሊወጣ ሲል፣ የክሪቶላስ ቤት አዛዥ ግማሾቹን ቀዛፊዎች በማያውቋቸው ሰዎች እንደለወጣቸው የአንዱ ቀዛፊ እህት ምንጭ ላይ አወራች። አዳዲሶቹ ሟቹ ወንድም ተሰዶ ከነበረበት አገር የመጡ ናቸው። ፊሊና ለባሏ ነገረችው፤ ባሏም እንደ ወትሮው ሳቀ። በቀጠሮው ቀን ክሪቶላስ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ቀረ፤ ቀዛፊዎቹም ማንም ሳያዝ የድሮዎቹ ሆነው ተገኙ። ሊካንድሮስ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ በሰላም ገባ።

ከዚያ ወዲያ ስሟ «ቁራ» ሆነ። «ዛሬስ ቁራዬ ምን ትላለች? በገንፎው ልሙት ወይስ በሾርባው?» ይላታል። ትንሹ ልጇ ሳይቀር ቁራ ብሎ ሲጠራት፣ እኔ ነኝ እንዴ ያበድኩት አለች። ሸማ ስትሠራ ማጉ ይጠፋባት ጀመር።

በበጋው አጋማሽ ዋሽንት ነፊዋ ሚርታሌ ፊሊና ልትሰጣት ቃል የገባችላትን ካባ ልትወስድ ቀን ላይ መጣች። ሚርታሌ አርባ ዓመት ያለፋት፣ በከተማው ግብዣ ሁሉ የምትነፋ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። ካባውን ለካችው፤ ወደደችው፤ ከዚያ ፊሊናን ትኩር ብላ አየችና ፈገግ አለች።

«ምነው?» አለች ፊሊና።

«እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፅዎ ይህን ያህል ቀጭን አይደለም ለካ። ጌታዬ ሲያስመስሉ በጣም ነው የሚያቀጥኑት።»

«ማን ነው የሚያስመስለው?»

ሚርታሌ ያኔ ነው ምላሷን የነከሰችው። ግን ካባውን ለብሳዋለች፤ ሰጪውን መዋሸት ከበዳት። «ጌታዬ ናቸዋ። በየግብዣው። የአልጋ ልብሱን አንሥተው እንደ ሴት ይከናነቡና፣ ‹ሊካንድሮስዬ! ሸማው ተቆርጧል! ቀዛፊው ተለውጧል! ወዮልህ!› ይላሉ። ሰዎቹ ከየአልጋቸው እስኪወድቁ ነው የሚስቁት። እኔ ራሴ አንድ ቀን ዋሽንቱ ትን አለኝ።»

ፊሊና ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ነደደ። አለመሰማቱን ለምዳዋለች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ፈርታ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ለሱ ነፍስ ብላ የተናገረችው ሁሉ ለሰካራም ማባያ ሆኗል። ሚርታሌ ሌላም የምትለው ነበራት፤ ፊሊና ግን አልሰማቻትም፤ «በቃ፣ ሂጂልኝ» አለቻት። ለመስማት ጆሮ ያጣ ሰው ባሏ ብቻ አልነበረም።

ሊካንድሮስ ለምሳ ሲገባ ከምድጃው አጠገብ ቆማ አገኛት። ታለቅሳለች። በአሥራ አምስት ዓመት ሦስት ልጅ ስትወልድ እንኳ ያላለቀሰች ሴት ናት፤ ደነገጠ።

«ምን ሆንሽ? ልጆቹ ናቸው?»

«የአልጋ ልብስ ተከናንበህ ታስቅብኛለህ አሉ።»

ሊካንድሮስ ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ብዙ ነገር ክዷል። ይህንን ለመካድ ግን አፉ እሺ አላለውም። «ቀልድ እኮ ነው አንቺ» አለ በትንሽ ድምፅ።

«አትስማኝ፤ ግድ የለም። አትሳቅብኝ ማለትም አልችልም፤ ቤትህ ነው። ግን አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም፤ ዛሬ እለምንሃለሁ። እኔ የምነግርህ ነገር ካንተ አፍ ወጥቶ ሌላ ሰው ጆሮ እንዳይገባ ማልልኝ።»

እንባዋን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? እጁን ከምድጃው እሳት በላይ ዘረጋና በምድጃዋ አምላክ በሄስቲያ፣ በልጆቹም ራስ ማለ። እዚህ ላይ ሊካንድሮስን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ማሳደድም ሰው ማስገደልም ለሱ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መሐላ ማፍረስ ግን ነውር ነው። አባቱ በሄስቲያ ምሎ ከድቷል፤ በዓመቱም ምላሱ አብጦ ሞቷል። ሊካንድሮስ ያንን ምላስ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ በሄስቲያ ምያለሁ ካለ አለቀ ማለት ነው።

ፊሊና እንደዚያ ሰሞን ተከብራ አታውቅም። ባሏ ቁራ ማለቱን ተወ። ስትናገር ሳያቋርጣት፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ያዳምጣታል፤ ከዚያ የፈለገውን ያደርጋል። በግብዣውም ጓደኞቹ «ቁራይቱስ ምን አለች?» ሲሉት፣ «ምንም» ይላቸዋል። ሽመናዋ ተስተካከለ፤ ማጉም አልጠፋባትም። ደስታዋ አሥር ቀን ቆየ።

በአሥረኛው ቀን ከምንጩ ሌላ ወሬ መጣ። የባሕሩ አምላክ የፖሲዶን በዓል አራት ቀን ቀርቶታል። በዚያ በዓል ገዥው ጥሩሩን አውልቆ፣ ነጭ ለብሶ፣ የቅጠል ጉንጉን ደፍቶ በሬውን ያሳርዳል፤ ዘቦቹ ከመቅደሱ የድንበር ድንጋይ ውጭ ይቀራሉ፤ ከውስጥ ብረት ይዞ የሚገባ የለም። ያለው ብረት አንድ ቢላ ብቻ ነው፤ እሱም በሬው እንዳያየው አንዲት ልጃገረድ በምትሸከመው የገብስ ቅርጫት ውስጥ ከገብሱ ሥር ይደበቃል። ዘንድሮ ቅርጫቱን የምትሸከመው የክሪቶላስ ሟች ወንድም ልጅ ናት። ቅርጫቱም አዲስ ነው፤ ከድሮው ይሰፋል። የካህኑ ገረድ ስትጠርግ አይታለች፤ ከገብሱ ሥር ሁለት ቢላ ነው ያለው።

ለሊካንድሮስ ነገረችው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማት።

«ልጅቷን የፈቀድኩላት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አባት የሌላት ልጅ ናት፤ ቤተሰቡም እንዲታረቅ ብዬ ነው። ሁለተኛው ቢላ ደግሞ የመጀመሪያው ቢደንዝስ? አስተዋይ ካህን ነው።»

«ሊካንድሮስ!»

«ሰምቼሻለሁ የኔ እመቤት። ማንም ጋ አይደርስም፤ ምያለሁ።»

በማግሥቱ ሚርታሌ የካባዋ ጠርዝ ተተርትሮ ልታሰፋ መጣች። ፊሊና መርፌውን እንደያዘች፣ «ያን ቀን ልትነግሪኝ የነበረው ምን ነበር?» አለቻት።

«አዪዪ፣ ትንሽ ነገር ናት። ሁሉም ይስቃሉ አላልኩዎትም? ክሪቶላስም ይስቃል፤ ግን እሱ ስቆ አያበቃም፣ ይጠይቃል። ‹ከማን ሰማች? መቼ አለች? የትኛው ቀዛፊ?› ይላል። ጌታዬም አንድ ሳያስቀሩ ይነግሩታል። የአደኑ ዋዜማ ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ሊያስመልሰኝ ነው ብሎ ወጣና አንዱን አሽከሩን ወደ ተራራው ሲያስሮጥ አየሁት። አሁንም እኮ በየምሽቱ ይጠይቃል፤ ጌታዬ ግን ምንም አልሰማሁም ይላሉ። ግብዣውም ደብዝዟል፤ እውነቴን ነው።»

ፊሊና መርፌውን ካባው ላይ ሰክታ ተነሣች።

አደኑ ላይ ሞት ነበረ። መርከቡም ላይ ነበረ። እሷ ተናገረች፤ ባሏ አልሰማም፤ ገዳዩ ግን እያንዳንዷን ቃል በጥሞና ሰምቶ፣ ታውቆብኛል ብሎ ሁለቴ ሰዎቹን በተነ። ያ የአልጋ ልብስ ከዘቦቹ ሁሉ የሚበልጥ ጋሻ ነበር። እሷ ናት አልቅሳ ከላዩ ላይ የገፈፈችው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ሊካንድሮስ የበዓሉን ጉንጉን እየለካ ነበር።

«ዛሬ ማታ ግብዣ አለህ?»

«የመጨረሻው ነው። ከነገ ጀምሮ ለበዓሉ ንጽሕና ነው፤ ወይንም ዋሽንትም የለም።»

«እንግዲያው ቀልድብኝ!» አለችው እጁን ይዛ። «የአልጋ ልብሱን ተከናነብ። ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ ሁለቱ ቢላ ተናገር። ድምፄን እንደፈለግህ አቅጥነው። ሁሉንም አስቃቸው!»

ሊካንድሮስ ግንባሯን በመዳፉ ነካ። «ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም! ክሪቶላስ ይስማ ነው የምልህ። እስከ ዛሬ በሕይወት የኖርከው ስለምትስቅብኝ ነው!»

«በሄስቲያ እኮ ነው የማልኩልሽ።»

«ፈትቼሃለሁ!»

«አንቺ ምን ቤት ነሽ? ለአንቺ አይደለም፣ በሷ ነው የማልኩት። መሐላ የሚፈታው በካህን ፊት፣ በመሥዋዕት ነው፤ እስከ በዓሉ ደግሞ የግል መሥዋዕት አይታረድም። ከበዓሉ በኋላ ከፈለግሽ እናስፈታዋለን። ያኔ እንደ ልቤ እስቅብሻለሁ፤ ይኸው ቃሌ።» ከዚያ ድምፁ ለዘብ አለ። «ፊሊና፣ ስበድልሽ እንደኖርኩ አውቄያለሁ። በልጆቼ ራስ ምዬ ቃሌን ለሳቅ ብዬ አላጥፍም። አንዴ እንኳ ሰው ልሁንልሽ እንጂ።»

እንዲህ ባለ ሰው ላይ ምን ይደረጋል? ብትመታው ደስ ባላት፤ ብታቅፈውም እንዲሁ። ዘቦቹ እሱ ካላዘዘ ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ አለቃቸውም በሳቅ ከአልጋው ሲወድቁ ከነበሩት አንዱ ነው። አንድ መንገድ ቀራት። ሚርታሌን ጠርታ፣ «ዛሬ ማታ ክሪቶላስን ለብቻው አግኚውና፣ ፊሊና የቅርጫቱን ነገር ሁሉ ታውቃለች፣ ለባሏም ነግራዋለች በይው» አለቻት።

በነጋታው ሚርታሌ መጣች። «ነገርኩት እመቤቴ።»

«ምን አለ?»

«እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አንድ በለስ ሰጠኝና፣ ሂጂ አለኝ።»

ፊሊና ያንን ፈገግታ ሁለት ቀን አገላበጠችው። ሁለቴ ፈርቶ ትቶታል፤ ሦስተኛም ይተወዋል አለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም።

የበዓሉ ቀን ምልክቱ ሁሉ ያማረ ነበር። ሙጭልጭላ አልታየችም። በረኛው በስተቀኝ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ሊካንድሮስ ነጭ ለብሶ፣ ጉንጉኑን ደፍቶ፣ ከበሩ ላይ ወደ ፎቁ ቀና አለና አፉን በሁለት ጣቱ ቆልፎ አሳያት። አሥራ አራት ቀን ጠብቋል፤ በራሱ ኮርቷል። ቆንጆ ነበር።

ፎቅ ላይ ሆና ጆሮዋን ጣለች። በሬው ሲመታ ሴቶቹ ሁሉ እልል ይላሉ፤ ወጉ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥጋው ይጠበሳል፣ ሰውም ይበተናል። እልልታውን ስሰማ ተረፈ ማለት ነው ብላ ጠበቀች። ዋሽንቱ ተሰማ። ዋሽንቱ ቆመ። እልልታው ተጀመረ፤ ገና ሳይሞላ ወደ ሌላ ጩኸት ተለወጠ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን በበር ሳንቃ ላይ አምጥተው ከምድጃው ፊት አኖሩላት። ገረዶቹን አስወጥታ ብቻዋን ስታጥበው ክሪቶላስ ገባ። ጉንጉኑን አላወለቀም። ለሷና ለልጆቿ ወደ አባቷ አገር የምትወስድ መርከብ እንደተዘጋጀች፣ ማንም እንደማይነካቸው ነገራት። ጨዋ ሰው ነው። ሊወጣ ብሎ እበሩ ላይ ቆም አለ።

«እመቤት ፊሊና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አደኑንም መርከቡንም ያወቁ ሴት፣ ይሄን እንዴት ሳያውቁት ቀሩ?»

«አውቄው ነበር» አለች ቀና ሳትል። «ለሱም ነግሬዋለሁ። ላንተም ሰው ልኬልሃለሁ።»

«ዋሽንት ነፊዋን? ከርስዎ ነበረች እንዴ?» አለ ከበሩ መለስ ብሎ። «እኔኮ የሰካራም ወሬ ነው ብዬ ናቅኳት። ሊካንድሮስ ከርስዎ የሰማውን አንድ ቀን አሳድሮ አያውቅም። ይኸው ስንት ቀን ጠየቅነው፣ ምንም የለም አለን። እሱ ዝም ካለማ በእውነትም ምንም የለም አልን።»

«ምሎልኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

ፊሊና ሰፍነጉን ጨምቃ የባሏን አፍ ጠረገች።

«ለማንም እንደማይናገር። በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር ለመንኩት» አለች፤ «እሱን ሰማኝ።»